ሠራተኛው ሲወጣ የሚቀረው መዝገብ

በመተግበሪያ ለሚሠራ ሾፌር የሥራው መጀመሪያ ፎቶ ማንሳት ነው። መንጃ ፈቃዱን ከፊትም ከኋላም ያነሳል። ሊብሬውንና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ያስከትላል፤ እንደ አገሩ ሕግ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይታከላል። በመጨረሻ ስልኩን ወደ ራሱ ያዞርና ፊቱን ያነሳል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንም ይሞላል። አንዳንድ አገር ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ ሌላው ዘንድ የጤና ምርመራ ውጤት ይጠየቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ረጅም ውል በአውራ ጣት ወደ ታች ተገፍቶ፣ ተገፍቶ፣ መጨረሻው ላይ «እስማማለሁ» የሚለው ይነካል። ሾፌሩ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሰጠ ጠንቅቆ የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነው።

ነገሩ ከድሮው የቅጥር ልማድ ብዙ የራቀ አይመስልም። የማያውቁትን ሰው ሥራ ላይ ማሰማራት ሁልጊዜም መተማመኛ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ መተማመኛው ዋስ ነው፤ ገንዘብ ያዥም፣ ጥበቃም፣ ሾፌርም ሲቀጠር «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ተያዡ ስምና ሰፈር ያለው፣ ሄደው የሚያነጋግሩት ሰው ነው። ሠራተኛው ሒሳቡን አወራርዶ ሲለቅ ተያዡም ከዋስትናው ይወርዳል፤ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ሰውን ከሥራ የሚያገናኘው ደላላም ቢሆን የሚይዘው በጭንቅላቱና በኪስ ደብተሩ ነውና ይረሳል፣ ያምታታል። መተግበሪያው የዋሱንም የደላላውንም ቦታ ጠቅልሎ ወስዷል። ከሁለቱ የሚለየው አይረሳም፤ ሄደውም አያነጋግሩትም።

እንደ ኡበር፣ ቦልት፣ ግሎቮና ዴሊቨሩ ያሉ ፕላትፎርሞች ራሳቸውን አገናኝ እንጂ ቀጣሪ ብለው አይጠሩም። የዕለት ሥራ የሚያከፋፍል ካቦ የላቸውም፤ ጠዋት ስም የሚጠራ፣ ማታ የሚቆጣጠር አለቃ የለም። ማን የትኛውን ጥሪ ያግኝ፣ ዋጋው ስንት ይሁን፣ ማን ይታገድ የሚለውን የሚወስነው ከሠራተኛው ስልክ የሚፈስሰው መረጃ ነው። የመረጃው ፍሰት ለአንድ ሰዓት ቢቋረጥ አስተዳደሩም ለአንድ ሰዓት ይቆማል። ድርጅቶቹ ስለ ሠራተኛው ይህን ያህል ማወቅ ለምን እንዳስፈለጋቸው ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይበቃል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጡት ግን በዚህ አይመለስም።

ስልኩ የሚያየው

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ። ጥግ ይዘው የቆሙ መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ጥሪ ይጠብቃሉ። ስልክ ዳሽቦርድ ላይ ተሰክቶ ያበራል፤ ባትሪው እንዳያልቅ ቻርጀር ላይ ነው። ሾፌሩ ወንበሩን ለጥጦ ዓይኑን ያሳርፋል። በእሱ ሒሳብ ይህ ባዶ ሰዓት ነው፤ ተሳፋሪ የለ፣ ገቢ የለ። መኪኖችን በቅርበታቸው መርጦ ለሚያሰማራ ሥርዓት ግን ባዶ ሰዓት የሚባል የለም። ቅርብ ላለው ጥሪ ለመስጠት እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለ በየጥቂት ሰከንዱ ማወቅ አለበት፤ ሥራው ግድ ይለዋል። ጥያቄው የሚነሳው ተሳፋሪው ከወረደ፣ ሒሳቡም ከተከፈለ በኋላ ነው። ያ ሁሉ የቦታ ምልክት የት ይገባል?

ጣሊያን ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ተገኝቷል። የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በጣሊያንኛ አጠራሩ ጋራንቴ፣ ምግብ አመላላሹን ዴሊቨሩን መርምሮ ባወጣው ውሳኔ ሥርዓቱ የእያንዳንዱን የዴሊቨሪ ሠራተኛ ቦታ በየ12 ሰከንዱ እንደሚመዘግብ፣ የተሄደበትንም መንገድ ሁሉ ለ6 ወር እንደሚያስቀምጥ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጣለው ቅጣት 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በ12 ሰከንድ አንድ ምልክት ማለት በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 2,400 ምልክት ነው። በወር 22 ቀን ለሚሠራ ሰው በ6 ወር ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ይሆናል። አንድን የብስክሌት ሠራተኛ ይህን ያህል ጊዜ እየተከተለ የሚመዘግብ ካቦ ተገኝቶ አያውቅም።

ስልኩ ቦታን ብቻ አያይም። ውስጡ ያሉት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ ሲፈተለክ፣ ሾፌሩ እየነዳ ስልኩን ሲያነሳ ይለያሉ። ኡበር እነዚህን ሴንሰሮች የአነዳድ ጠባይ ለመለካት መጠቀም መጀመሩን እ.ኤ.አ. በ2016 ራሱ አስታውቋል። ከመኪና ርቆ በኮምፒውተር የሚሠራውም ከዚህ አያመልጥም። በርቀት ሥራ በሚያገናኘው አፕወርክ በሰዓት ተከፍሎት የሚሠራ ሰው የሥራ ማስታወሻውን ሲያበራ ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ገደማ የኮምፒውተሩን ገጽ ፎቶ ያነሳል፤ ኪቦርዱ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ማውሱ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ይቆጥራል። ሠራተኛው ያልፈለገውን ፎቶ መሰረዝ ይችላል። ከሰረዘ ግን የዚያ ጊዜ ክፍያ አብሮ ይሰረዛል።

የእነዚህ ቁጥሮች ክምችት ስለ ሰው ምን ሊናገር እንደሚችል የኒውዮርክ ታክሲዎች ታሪክ በደንብ ያሳያል። የከተማዋ የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ የ2013ን የታክሲ ጉዞዎች በሙሉ፣ 173 ሚሊዮን ያህል፣ አሳልፎ ሰጠ። የሾፌሮቹ የፈቃድ ቁጥርና የመኪኖቹ መለያ በምስጢር ኮድ ተለውጦ ነበር። ችግሩ ቁጥሮቹ አጭርና በታወቀ ቅርጽ የሚጻፉ መሆናቸው ነው። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ሊኖሩ የሚችሉትን ቁጥሮች ሁሉ በተራ ወደ ኮድ ለውጦ በማነጻጸር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምስጢሩን ፈታው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ሾፌር ጉዞና የዓመት ገቢ ለማንም የሚታይ ሆነ። በተከታዩ ዓመት ሌላ ሰው መኪኖቹ በየቀኑ ቆመው የሚያርፉበትን ሰዓት ከሶላት ሰዓት ጋር አስተያይቶ የትኞቹ ሾፌሮች ሙስሊም እንደሆኑ መገመት እንደሚቻል አሳየ። ያ የሜትር ታክሲ መዝገብ ነበር። መነሻና መድረሻን እንጂ በመካከል ያለውን እያንዳንዱን ሰከንድ አልያዘም፤ የመተግበሪያው ከእሱ እጅግ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥም አርብ ቀትር ላይ፣ ወይም እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ የሚቆም መኪና ስለ ሾፌሩ ሃይማኖት ይናገራል። የት እንደሚያድር፣ የማን ቤት እንደሚያዘወትር፣ የትኛው ክሊኒክ በር ላይ እንደሚውል ለማወቅ ሾፌሩን መጠየቅ አያስፈልግም።

ፊት

የምዝገባው ቀን ሰልፊ የመጨረሻው አይደለም። ኡበር እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ፣ በ2020 ደግሞ በብሪታንያ ባስገባው አሠራር ሾፌሩ ሥራ ሊጀምር ሲል መተግበሪያው በድንገት ፊቱን እንዲያነሳ ያዘዋል፤ አዲሱ ፎቶ ከተመዘገበው ጋር ይተያያል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። በየከተማው አካውንት የሚያከራዩ አሉ፤ ተሳፋሪም መሪውን የያዘው ሰው ስልኩ ላይ ያየው ሰው መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ዳኛው ማሽን ሲሆን ግን የሚፈረድበት ሰው በጨለማ ክረምት ማለዳ፣ መኪና ውስጥ፣ ርካሽ ስልክ ይዞ የተቀመጠ ጥቁር ሾፌር ሊሆን ይችላል።

ፊት አንባቢ ሥርዓቶች ጥቁርን ሰው በማየት ረገድ ምን ያህል ደካማ እንደነበሩ ያጋለጠው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ከሁለቱ አዘጋጆች አንዷ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩ ናቸው። ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆነው ገበያ ላይ የነበሩ ሦስት ሥርዓቶችን ፈተኑ። ቆዳቸው ለፈካ ወንዶች ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን ቆዳቸው ለጠቆረ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ የለካው ሥርዓቶቹ ወንድና ሴትን መለየታቸውን እንጂ የአንድን ሰው ማንነት ማረጋገጣቸውን አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት ተገቢ አይሆንም። ቢሆንም የእነዚህ ማሽኖች ዓይን በማን ፊት ላይ እንደሠለጠነ አሳይቷል። በብሪታንያ ለኡበር ኢትስ ያደርስ የነበረ አንድ ጥቁር ሠራተኛ የሰልፊው ምርመራ ደጋግሞ ፊቱን ሳያውቅለት ቀርቶ ሥራውን እንዳጣ ገልጾ ክስ መሠረተ፤ የአገሪቱ የእኩልነትና ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደግፎት ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2024 በገንዘብ ስምምነት ተዘጋ።

ስለ ሠራተኛው ለሚከማቸው ማኅደር ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የፊት ልኬት እንደ ምስጢር ቁጥር የማይቀየር መሆኑ ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ የባንክ ሒሳብ ይዘጋል። ፊት አይዘጋም።

ሠራተኛው ያላነበበው ገጽ

እስካሁን የተነሳው ሠራተኛው የሰጠውና ስልኩ ያየው ነው። ማኅደሩ ውስጥ ሌላም አለ፤ ድርጅቱ ከሁለቱ ተነስቶ ስለ ሠራተኛው የደረሰበት ግምት። የእንጀራውን ዕጣ የሚወስነው ይህ ነው፤ ሠራተኛው እንዲያየው የማይፈለገውም ይህ ነው።

ይህን ገጽ ለማስከፈት የተደረገው ትልቁ ሙግት አምስተርዳም ላይ ተካሄደ። የኡበር የአውሮፓ ማዕከል እዚያ ስለሆነ የብሪታንያና የፖርቹጋል ሾፌሮች ጉዳያቸውን ይዘው የሄዱት ወደ ደች ፍርድ ቤት ነው። ከኋላቸው የቆሙት የብሪታንያ የመተግበሪያ ሾፌሮችና አመላላሾች ማኅበር እንዲሁም ወርከር ኢንፎ ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ነበሩ። የድርጅቱ መሥራች ጄምስ ፋራር ራሳቸው የኡበር ሾፌር የነበሩና በብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2021 ኡበርን ከረቱት አንዱ ናቸው። ያ ፍርድ ሾፌሮቹ ሠራተኛ እንጂ ለብቻቸው የቆሙ ነጋዴዎች አይደሉም አለ። ሠራተኛ ከሆኑ የሥራ ሰዓታቸው ይቆጠራል፣ ክፍያቸው ይሰላል፤ ሰዓቱን ሰከንድ በሰከንድ የመዘገበው ግን ኩባንያው ነው። ሙግቱ ከደመወዝ ወደ መረጃ የተሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው።

የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያይ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 22 ደግሞ በሰው ሕይወት ላይ ከባድ ውጤት ያለው ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይወሰን ይከለክላል። አንዳንዶቹ ከሳሾች «አጭበርብረሃል» ተብለው አካውንታቸው የተዘጋባቸው ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ ሾፌሮች ይህን «ብሎክ ተደረግኩ» ይሉታል። ምን እንዳጭበረበሩ፣ መቼ፣ በየትኛው ጉዞ፣ የሚነግራቸው አልነበረም። ኡበር ውሳኔውን ሰዎች አይተውታል ብሎ ተከራከረ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2021 አብዛኛውን ነጥብ ለኩባንያው ሰጠ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኤፕሪል 4 ቀን 2023 ገለበጠው፤ የሰዎቹ እጅ ነበረበት የተባለው ምልክት ከመሆን ብዙም የማያልፍ ነው አለ።

በክርክሩ ሂደት የማኅደሩ ይዘት ቁርጥራጭ ወጣ። ኡበር ስለ ሾፌሮቹ በያዘው የውስጥ መግለጫ ውስጥ ዘግይቶ መድረስ፣ ጉዞ መሰረዝ፣ ያልተገባ ጠባይ፣ አመለካከት የሚሉ መለያዎች ነበሩ። በተመሳሳይ ጉዳይ የተከሰሰው ኦላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሾፌር ለማጭበርበር ያለውን ዕድል የሚገምት ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ የገቢ መገለጫም አዘጋጅቷል። ፍርድ ቤቱ እነዚህ ለሾፌሮቹ እንዲገለጹ አዘዘ። በቅጥር ዓለም ይህን የሚመስለው የድሮው የግል ማኅደር ነው። ክፉ ጸሐፊ «ትዕቢተኛ ነው» ብሎ ጽፎበት ሠራተኛው ለምን ዕድገት እንደተከለከለ ሳያውቅ ዕድሜውን የሚጨርስበት ማኅደር። አዲሱ ማኅደር የሚሞላው በየደቂቃው ነው፤ የጻፈው ሰውም በስም አይታወቅም።

ኡበር ትእዛዙን በሙሉ አልፈጸመም። የአምስተርዳም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ለመዘግየቱ 584,000 ዩሮ እንዲከፍል ወሰነበት። ገንዘቡ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ትንሽ ነው። መረጃውን ከመግለጥ ይልቅ ቅጣት እስኪወሰንበት መዘግየቱ ግን ስለ መረጃው ዋጋ ይናገራል።

ፍሎረንስ፣ ኦክቶበር 2022

በፍሎረንስ ከተማ አንድ የ26 ዓመት ተማሪ ለግሎቮ ምግብ ሲያደርስ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ከሞተ በኋላ ኩባንያው ወደ ስልኩ መልእክት ላከለት፤ የአገልግሎት ውሉን ስላላከበረ አካውንቱ ተዘግቷል የሚል። መልእክቱን ማንም ሰው ተቀምጦ አልጻፈውም። ትእዛዝ ተቀብሎ አላደረሰም፣ ስልኩ አልመለሰም፤ ሥርዓቱም ለሌላው ሁሉ የሚልከውን ላከ።

ጋራንቴ ከዚህ ተነስቶ የግሎቮን የጣሊያን ኩባንያ ፉዲኞን መረመረ። ይህ ኩባንያ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2021 በተመሳሳይ ጥፋት 2.6 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቶ ነበር። በኖቬምበር 2024 የወጣው አዲሱ ውሳኔ ከ35 ሺህ በላይ የዴሊቨሪ ሠራተኞችን መረጃ የሚመለከት ሲሆን ቅጣቱ 5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የተገኘው ጉድ ከሟቹ መልእክት የሰፋ ነው። የሠራተኞቹ መረጃ፣ የሚገኙበትን ቦታ ጨምሮ፣ እነሱ ሳያውቁ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ይላክ ነበር፤ መተግበሪያው ከኋላ ሆኖ ሲሠራ፣ እስከ ኦገስት 2023 ድረስ ደግሞ ጭራሽ ሳይከፈትም ይላካል። ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ተኝቶ ቦታው ይታወቃል ማለት ነው። ባለሥልጣኑ የፊት መለያውን ምርመራ ከለከለ፤ አካውንት ሲዘጋ የሚላኩትም መልእክቶች እንዲታረሙ አዘዘ።

እስከ መቼ

መረጃ መያዝ አንዳንዴ ሕግ የሚያስገድደው ነው። የግብር መሥሪያ ቤት የገቢ ሰነድ ለዓመታት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስ ያንን ዕለት ማን እንደነዳ ይጠይቃል። ተሳፋሪ ከወራት በኋላ ወንጀል ቢያመለክት ፖሊስ የጉዞውን መዝገብ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ለአንድ ጉዞ አንድ መስመር ቢቀር ይረካሉ። በየ12 ሰከንዱ የተያዘው የቦታ ምልክት፣ የፊቱ ልኬት፣ የጠባይ ነጥቡ ለግብር ሰብሳቢ አይጠቅሙም። የሚጠቅሙት ዋጋ ተማኙንና ጥሪ አከፋፋዩን አልጎሪዝም ለማሠልጠን ነው። ማከማቻም ርካሽ ሆኗል፤ መደምሰስ ሰው መድቦ መወሰን ይጠይቃል፤ መተው ግን ምንም አይጠይቅም። ብዙው መረጃ የሚቀረው ይቅር ተብሎ ተወስኖ ሳይሆን የሚደመስሰው ስለማይገኝ ነው።

የኔዘርላንድስ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ከ170 በላይ የፈረንሳይ ሾፌሮች ያነሱት አቤቱታ ከፓሪስ ሲደርሰው ኡበርን ሁለት ጊዜ ቀጣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ኩባንያው የሾፌሮችን መረጃ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጥ በግልጽ አላስቀመጠም። ሾፌር የራሱን መረጃ የሚጠይቅበት ቅጽም መተግበሪያው ውስጥ ከብዙ ማውጫ ስር ተቀብሮ ነበር፤ አግኝቶ ለጠየቀም ፋይሉ የተሰጠው ለመረዳት በሚያስቸግር መልክ ነው። ሁለተኛው ቅጣት በኦገስት 2024 የመጣው 290 ሚሊዮን ዩሮ ነው። የሾፌሮቹ መታወቂያ፣ የታክሲ ፈቃድ፣ ፎቶ፣ የክፍያ መረጃ፣ የሚገኙበት ቦታ፣ በአንዳንዶቹም ዘንድ የወንጀልና የጤና መረጃ ከሁለት ዓመት በላይ በቂ ጥበቃ ሳይደረግለት አሜሪካ ወዳለው ሰርቨር ይተላለፍ ነበር። ኡበር ውሳኔውን ስህተት ነው ብሎ ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ።

የተከማቸ መረጃ ባለቤቱ ባልጠራው ሌባ እጅም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሰርጎ ገቦች ከኡበር የ57 ሚሊዮን ደንበኞችና ሾፌሮችን መረጃ ወሰዱ፤ በውስጡ 600 ሺህ ያህል የአሜሪካ ሾፌሮች የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ነበረበት። ኩባንያው ለሌቦቹ 100 ሺህ ዶላር ከፍሎ ነገሩን ለአንድ ዓመት ያህል ሸሸገው። ኋላ ከአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ148 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ የደኅንነት ኃላፊው በ2022 ጥፋተኛ ተባሉ። በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በሲያትልም በመተግበሪያ ከሚነዱት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ ይህ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2019 የተሰረቀው የዶርዳሽ መዝገብ ደግሞ የማቆየትን ጣጣ በቀጥታ ያሳያል። የተነካው 4.9 ሚሊዮን ሰው ሁሉ ከኤፕሪል 5 ቀን 2018 ወዲህ ሳይሆን እስከዚያ ቀን ድረስ የተመዘገበ ነበር፤ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የዴሊቨሪ ሠራተኞች የመንጃ ፈቃድ ቁጥርም አብሮ ሄዷል።

ምንም ውል ያልፈረመ ሠራተኛ እንኳ ማኅደር ሊከፈትለት እንደሚችል ያሳየ ሌላ ጉዳይ አለ። ኡበር እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ፣ በእንግሊዝኛ ሲኦል ማለት የሆነ ስም በሰጠው ፕሮግራም፣ የተቀናቃኙን የሊፍትን ሾፌሮች ይከታተል እንደነበር በ2017 ተጋለጠ። ራሱን የሊፍት ተሳፋሪ አስመስሎ የሐሰት አካውንት ይከፍታል፣ ቅርብ ያሉትን ሾፌሮች ያያል፣ የማይለወጠውን መለያ ቁጥራቸውን ይይዛል። ይህን ከራሱ ሾፌሮች መዝገብ ጋር ሲያስተያይ ለሁለቱም የሚሠሩት ተለይተው ይወጣሉ። እነዚያ ሾፌሮች ለሊፍት የሰጡት መረጃ በሌላ በኩል ለኡበር ሠራ።

ሕጉ የደረሰበት

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ለፕላትፎርም ሥራ ብቻ የተዘጋጀ መመሪያ አወጣ፤ ቁጥሩ 2024/2831 ነው። የሠራተኛውን ስሜትና የአእምሮ ሁኔታ፣ የግል ንግግሩን፣ ሥራ ላይ ባልሆነበት ሰዓት የሚገኘውን መረጃ መሰብሰብ ይከለክላል። ማኅበር ሊያቋቁም እንደሆነ መገመትም ተከልክሏል። ሠራተኛው ያገኘውን ኮከብና አስተያየት ይዞ ወደ ሌላ ፕላትፎርም እንዲሄድ ይፈቅዳል። ይህኛው ነጥብ ከሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም፤ አምስት ዓመት ነድቶ ያጠራቀመውን መልካም ስም ጥሎ እንዳይወጣ ሠራተኛውን አስሮ የሚያስቀረው ይኸው ነውና። አባል አገራት መመሪያውን ወደየሕጋቸው የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 2 ቀን 2026 ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል በ8294 አጭር ቁጥር የሚታወቀው፣ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ራይድ ይገኛል፤ ዛይራይድ፣ ፈረስና ሌሎችም አሉ። በራሱ መኪና፣ በራሱ ስም የሚሠራ ሾፌር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ ነኝ ብሎ መከራከር ይከብደዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ቅጥርን አይጠይቅም። መረጃው የሚመለከተው ሰው መሆን ይበቃል። አዋጁ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማየት፣ ስህተቱን የማሳረም፣ የማስደምሰስ መብት ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እነዚህ መብቶች የሚሠሩት ለጠየቀ ነው፤ የአምስተርዳሙም ፍርድ የመጣው ሾፌሮች መረጃችን ይሰጠን ብለው ስለጻፉ ነው። መተግበሪያ የተዘጋበት ሾፌር ደግሞ የጉዞና የገቢ ታሪኩ የነበረበት ገጽ አብሮ ይዘጋበታል። ስለዚህ ሾፌሩ ጉዞና ገቢውን አካውንቱ ክፍት ሳለ በየወሩ አውርዶ ይያዝ። ሲለቅም ሆነ ሲታገድ «ስለ እኔ ምን ይዛችኋል? እስከ መቼስ ታቆዩታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ያድርገው፣ ቀን ይጻፍበት፣ አንዱን ቅጂ ለራሱ ያስቀር።